የዓሣው ስም እና የኪሎው ሒሳብ

ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ፊሌቶ ሆኖ የቀረበን ነጭ ዓሣ ከሌላ ነጭ ዓሣ መለየት ዕድሜውን በዓሣ ንግድ ላሳለፈ ሰው እንኳ ይቸግራል። ርካሹ በውዱ ስም የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኦሺያና የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከሱቆችና ከምግብ ቤቶች ከሰበሰባቸው 1,215 ናሙናዎች 33 በመቶው በሌላ ዓሣ ስም የተሸጡ ነበሩ። «ሬድ ስናፐር» ከተባሉት 120 ናሙናዎች እውነተኛዎቹ 7 ብቻ ናቸው። ጉዳቱ ደግሞ ኪስ ላይ ብቻ አይቀርም። «ነጭ ቱና» እየተባለ የሚሸጠው ኤስኮላር የተባለው ዓሣ ሰውነት የማይፈጨው ሰም መሰል ቅባት ስላለው በላተኛውን ለከባድ ተቅማጥ ሊዳርግ ይችላል።

ሕግ ሳያስገድደው ዓሣ ነጋዴው ድርጅት ራሱ ጠይቆ የሚወስደው የምስክር ወረቀት እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው፣ የባሕር ሀብትን ሳይጎዱ ለሚያጠምዱ የሚመሰክረው ማሪን ስቲዋርድሺፕ ካውንስል፣ ባጭሩ ኤምኤስሲ፣ ሁለት ዓይነት ምስክር ወረቀት አለው፤ አንዱ ለአጥማጆቹ፣ ሌላው ዓሣውን ተቀብለው ለሚያዘጋጁና ለሚሸጡ ሁሉ። ሁለተኛው ከአጥማጁ እስከ ሻጩ ያለውን ሰንሰለት ይጠብቃል። ተከፍቶ ሊቀየር በማይችል ማሸጊያ ለተጠቃሚ እስኪዘጋጅ ድረስ፣ ዓሣውን ገዝቶ የራሱ ያደረገ ሁሉ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። መሐል ላይ አንድ ደላላ ከጎደለ ከእሱ በኋላ ያለው ዓሣ የኤምኤስሲን ምልክት መያዝ አይችልም።

በእኔ እምነት የሥርዓቱ ዋና ጉልበት የኪሎ ሒሳብ ነው። 1,000 ኪሎ ሆዱ የጸዳ ዓሣ ገዝታችሁ፣ በራሳችሁ ልኬት ከ100 ኪሎው 45 ኪሎ ፊሌቶ የሚወጣ ከሆነ፣ የሚጠበቀው 450 ኪሎ ነው። ሽያጩ 600 ካሳየ 150ው ኪሎ ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ መልስ ካጣ የዓሣው መልክም ሆነ የወረቀቱ ማኅተም አያድንም።

ሒሳቡ የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ በሌብነት አይደለም። አንዱ ምክንያት የቀዘቀዘው ዓሣ የሚለብሰው የበረዶ ሽፋን ነው። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶው በረዶ ከሆነ 450 ኪሎው ፊሌቶ ሚዛን ላይ 500 ይሆናል፤ ስለዚህ መዝገቡ የዓሣውንና የበረዶውን ክብደት ለየብቻ ይያዝ። ሌላው የፊሌቶውን መጠን ከመጽሐፍ መገልበጥ ነው። መጠኑ እንደ ዓሣው ዓይነት፣ ግዝፈት፣ ወቅትና እንደ ቆራጩ እጅ ስለሚለያይ በየጊዜው በራስ ጠረጴዛ ላይ መለካት አለበት።

መቀላቀል የሚበዛው ፈረቃ ሲቀየር ነው። ከአንዱ ባች፣ ማለትም በአንድ ዙር ከሚቆረጠው ዓሣ፣ የተረፈው ጥቂት ኪሎ ከሚቀጥለው ጋር ይጨመርና የባች ቁጥሩ ትርጉም ያጣል። ምስክር ወረቀት ያለው ዓሣ ጠዋት መጀመሪያ፣ ጠረጴዛው ታጥቦ ሲያበቃ ይቆረጥ፤ ትርፉም የራሱ ሣጥንና የራሱ ቁጥር ይኑረው። የታተሙትን መለያዎችም ቁጠሩ፤ ስንት ወጣ፣ ስንት ተለጠፈ፣ ስንት ተበላሸ፣ ስንት ተመለሰ። ሜዳ ላይ የተተወ የመለያ ጥቅል ማንኛውም ሣጥን ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

የዲኤንኤ ምርመራ ይህን ሁሉ ይተካል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በብዛት የሚነበበው ሲኦአይ የተባለው ዘረመል ነው፤ ወደ 650 የሚጠጉ ፊደላቱ ዝርያውን ይለያሉ። በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ላይ ሙቀቱ ዲኤንኤውን ስለሚቆራርጠው አጫጭር ቁራጮችን የሚያነብ ዘዴ ይፈለጋል። ናሙና ሲወሰድም ቢላዋው በየመሐሉ ካልጸዳ ውጤቱ የሁለት ዓሣ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን ምርመራው በእርባታ ያደገውን ሳልመን ከባሕር ከተጠመደው ተመሳሳይ ዝርያ አይለይም፤ የትኛው አጥማጅ እንዳመጣውም አይናገርም። እዚያ ያለው መከላከያ ሰነዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት የኤምኤስሲን ምልክት ከያዙ 1,402 ናሙናዎች በተሳሳተ ስም የተሸጡት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ወደው ለቁጥጥር የሚመጡት ድርጅቶች ቀድሞውንም ጠንቃቆቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አይዘንጋ። ያልመጡትን ምስክር ወረቀቱ አይነካቸውም።

ለገዢ ድርጅት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሻጩ ምስክር ወረቀት አለው ማለት የሚሸጠው ሁሉ የተመሰከረለት ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን በኤምኤስሲ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ጊዜው እንዳላለፈና የምትገዙት ዝርያ እንደተካተተ እዩ፤ ከዚያም ደረሰኙ ላይ የተመሰከረለት ዓሣ በየመስመሩ ለብቻው ተለይቶ መጻፉን አረጋግጡ። ካልተጻፈ ጭነቱ ከመራገፉ በፊት አስጽፉ።