የሐረጎ በሽተኛ

መኪና አያዞረኝም። አዙሮኝም አያውቅም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እየወረድኩ ነው። ወሩ መስከረም። ሐረጎን ታውቁታላችሁ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል፣ ጆሮ ይደፍናል። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ሣር ለብሷል፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ። ደመናው ከእኛ በታች ቀርቷል። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ አፌን ከፍቼ «ኧኧረረ!» አልኩ። ማድነቄ ነው።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና «ፌስታል!» ብሎ ጮኸ።

ፌስታሉ ከበሩ ጀምሮ እንደ አደራ ደብዳቤ በሰው እጅ እየተቀባበለ እኔ ጋ ደረሰ። ጥቁር ነው። ትልቅነቱ ደግሞ! ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይይዛል። ቁርሴ አንድ ሳምቡሳና ሻይ ነበር፤ ከእኔ ምን ሊወጣ እንደጠበቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆበታል። ጤነኛውን ሰውዬ ሊያስታውከኝ የደረሰው እሱ ሽታ ነው። ከኋላ አንዱ «አፉን ሰፋ አርገህ ያዘው» እያለ ያሠለጥነኛል።

«ኧረ አላመመኝም! ኮረብታውን እያየሁ ነው» አልኩ።

«አብሽር ልጄ፣ ምን ያሳፍራል?» አሉ አጠገቤ ያሉት እናት። ሎሚ አውጥተው በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉና አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። «ውጭ ውጭውን አትይ! እሱ ነው የሚያዞርህ» ብለው መጋረጃውን ግጥም አድርገው ዘጉት።

አለቀ። ሐረጎ ጠፋ፤ የቀረኝ አቧራ የጠጣ መጋረጃ ነው።

መስኮቱን ትንሽ ከፈት ላድርግ ስል «ንፋስ!» ብሎ መኪናው ሙሉ ጮኸ። እዚህ ላይ ንዴቴን ልናገር። በሽተኛ ነህ ካላችሁኝ አየር ስጡኝ እንጂ! ፌስታል በነፃ ይታደላል፣ አየር ግን ያጣላል። ሰዉ መልክዓ ምድር ልይ ብሎ ስንት አገር ያቋርጣል፤ ሐረጎ ላይ ሾፌር የሚቆመው ጎማ ሊያይ ብቻ ነው።

እናትየው ስልካቸው ጠራ። «አዎ፣ ሐረጎን እየወረድን ነው። ኧረ አንድ በጠና የታመመ ልጅ ይዘን፣ ቀስ እያልን ነው። ዱዓ አርጊለት እስቲ» አሉ።

መኪናው በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ።

ምን ልበል? ፌስታሌን አቅፌ እኔም አሚን አልኩ።