አፈር የማያውቀው የመስኮቴ ተክል

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መስኮቱ ጋ ያለውን አይቶ «ፕላስቲክ ነው?» ይለኛል። አይደለም። ቲላንድሲያ ይባላል። አፈር አይፈልግም፤ ሥሩም ድንጋይ መጨበጫ ነው እንጂ ውሃ መጠጫ አይደለም። ከአናናስ ጋር ዘመዳሞች ናቸው ብል ማን ያምነኛል! የኔው ሱክሬይ የሚሉት ዓይነት ነው፣ አገሩ ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ ያለ ቋጥኝ ላይ ነው የሚበቅለው። እኔ ደሴ ከግቢያችን ባነሳሁት ጥቁር ድንጋይ ላይ አሰርኩት፤ አልከፋውም።

ውሃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፣ ውሃውን የሚስቡትም እነሱ። ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ ውሃ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። እማዬ አቧራ መስሏት በጨርቅ ልትወለውለው ስትል ስንቴ እጇን ይዣለሁ። «ተዪው እማዬ፣ አፉ እኮ ነው» ስላት «ቅጠል ደግሞ አፍ አለው?» ብላ ትስቅብኛለች።

እዚህ ደሴ ፈተናው ጥም አይደለም፣ ብርድና እርጥበት ነው። 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን እንኳን ተክል ልብስም አይደርቅ። ቅጠሎቹ መሃል ውሃ ከተኛ ከውስጥ ይበሰብስና ሳታውቁት በእጃችሁ ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት፣ ያውም ፀሐይ የምትወጣ ከመሰለኝ ብቻ፣ ነክሬ አወጣውና ገልብጬ አራግፌ፣ መስኮቱን ከፍቼ ንፋስ አስመታዋለሁ። ማታ ፈጽሞ አላረጥበውም። ይሄ ተክል ቀን ውሃው እንዳይተንበት ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውልና አየር የሚስበው ሌሊት ነው፤ ቅጠሉ ርሶ ካደረ ይታፈናል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ከኛ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትሉና ስለሚሞቃችሁ ቶሎ ይደርቅላችኋል፣ በበጋ ደጋግማችሁ አጠጡት።

ስታስሩት በናይለን ክር ይሁን። ከመብራት ገመድ የተላጠ ሽቦ ከቤት አይጠፋም፣ ግን መዳብ ለዚህ ዘር መርዝ ነው።

እድገቱን አትጠይቁኝ። ዓመት ጠብቃችሁ «ጨመረ ወይስ መሰለኝ?» የምትሉት ዓይነት ነው። የኔው ግን ሮዝ አበባ አውጥቶልኛል። አንዴ ካበበ ድጋሚ አያብብም፤ በምትኩ ከጎኑ ግልገል ያወጣል። አሁን አንዱ ብቅ ብሏል፣ እማዬም ከወዲሁ ለጎረቤታችን ቃል ገብታላታለች። የእናቱን ግማሽ ሳያህል አይነካም ብያለሁ፣ ጎረቤታችንም ትጠብቅ!