አንድ ጎማ ብቻ መቀየር ይቻላል? እኔ ለክቼ ነው የወሰንኩት

የመኪናዬ የኋላ ቀኝ ጎማ ጎኑ ላይ ተቀደደ። መሃሉን ሚስማር ወግቶት ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ተጠግኖ ይሄዳል። ጎኑ ግን እንደ መሃሉ የብረት ቀበቶ የለውም፣ ጎማው በዞረ ቁጥር የሚተጣጠፈውም እሱ ነው። ስለዚህ የጎን ቅድ አይጠገንም። ሦስቱ ጎማዎች ደግሞ ገና ብዙ ይሄዳሉ፣ ጤነኛ ጎማ አውጥቶ መጣል ያንገበግባል።

አንድ ልግዛ፣ ሁለት ወይስ አራት?

ስጠይቅ ሁሉም መልስ አለው። አንዱ "ልኩ አንድ ከሆነ ምን ችግር አለው" ይላል፣ ሌላው "ሁሌም ጥንድ ጥንድ ነው" ብሎ ይምላል። እኔ ግን መልሱ ያለው ጎማው ላይ ነው ብዬ ስለማምን መጀመሪያ መለኪያ ይዤ ወረድኩ።

የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በብዙ አገሮች ሕግ ጎማው አበቃለት። እያንዳንዱን ጎማ ከውስጥ ጠርዙ፣ ከመሃሉና ከውጭ ጠርዙ ለካሁ። ይሄ መዘለል የለበትም። አንድ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከሆነ አላይመንቱን፣ ማለትም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን፣ ማየት ያስፈልጋል፣ ያ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ቢገባ እሱም ይበላል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ ይበዛ ነበር፣ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ደግሞ ያንስ ነበር ማለት ነው። የኔ እኩል ነው ያለቁት። የፊቶቹ 5፣ ከተቀደደው ጋር ጥንድ የሆነው የኋላ ግራ ደግሞ 6 ተኩል።

አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የኔ ጎማ 205/55 አር 16 ነው፣ በሱ እናስላው። ጥርሱ በ4 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ ዲያሜትሩ በ8 ይቀንሳል፣ ዙሪያው ደግሞ በ25 ሚሊ ሜትር ገደማ። አዲሱ በአንድ ኪሎ ሜትር 504 ጊዜ ያህል ሲዞር ያለቀው 510 ጊዜ ያህል ይዞራል። እነዚህ ሁለቱ ሞተሩ በሚነዳው አክስል ግራና ቀኝ ላይ ቢገቡ፣ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው፣ መኪናው ሲታጠፍ ብቻ መሥራት ያለበት የማርሽ ክፍል (ዲፈረንሻል) ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ያለ እረፍት ይሠራል ማለት ነው። ይሞቃል፣ ይበላል።

የኔ መኪና የምትነዳው በፊት ጎማ ነው፣ የተቀደደው ደግሞ የኋላ። ኋላ ላይ ዲፈረንሻል የለም። ከጥንዱ ጋር ያለው ልዩነትም 1 ተኩል ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በዙሪያ ሲሰላ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ አንድ ይበቃል አልኩ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ አዲሱ ከግራው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ልኩ ብቻ ሳይሆን ማርካውም፣ ሞዴሉም።

ትልቁ ልፋት እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ልኩ ትክክል የሆነ፣ ማርካው የተለየ ጎማ አወጣልኝና "ወንድሜ፣ ልኩ እኮ ያው ነው፣ ምኑ ነው የሚያስጨንቅህ?" አለኝ። ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስባል። ልክ ግን ጎማው ቸርኬው ላይ መግጠሙን ነው የሚነግረን። ላስቲኩ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ፣ ጎኑ ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ፣ ጥርሱ ውሃውን በየት በኩል እንደሚያስወጣ አይነግረንም። በደረቅ መንገድ ቀስ እያሉ ሲነዱ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። ዝናብ ላይ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን አንደኛው ጎን ይይዛል፣ ሌላው ይንሸራተታል፣ መኪናውም ወደ ያዘው ጎን ይጎትታል። ያ ሰዓት ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

አንዳንዱ ድብልቅ ጭራሽ አይታሰብም። ራዲያል (ክሩ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚሄደው የዛሬው ጎማ) እና የድሮው ክሩ በሰያፍ የተጠላለፈው ጎማ አንድ አክስል ላይ አብረው አይገቡም። የበጋና የክረምት (ለብርድና ለበረዶ የሚሠራው) ጎማም እንደዚሁ፤ የበጋው ላስቲክ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ ታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፣ የክረምቱ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ተንፍሶም መሄድ የሚችለው ጎማ ጎኑ ደንዳና ስለሆነ ከተራ ጎማ ጋር አይጣመርም። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለው ጎማ ደግሞ በቀስቱ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገጠመው።

ሌላ ቦታ ሄጄ ያንኑ ሞዴል አገኘሁ። ከመክፈሌ በፊት ሁለት ነገር አነበብኩ። አንደኛው ከልኩ ቀጥሎ ያለው 91 ቪ ነው፤ 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ቪ ደግሞ እስከ ሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይችላል ማለት ነው። መኪናው ከሚጠይቀው በታች መግዛት የለም። ሁለተኛው የተሠራበት ጊዜ ነው። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራቱን ማየት ነው፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ አይባልም።

ጎሚስታው ገጥሞ ባላንስ ከሠራልኝ በኋላ ስሌቴን በተግባር ማየት ፈለግኩ። የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ንፋስ እኩል አደረግኩና ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ፣ ጎማውንም መሬቱንም፣ በጠመኔ አሰመርኩ። መኪናዋን ቀስ ብለን ገፋን፣ የጎማው ምልክት አንድ ዙር ዞሮ መሬት ሲነካ እንደገና አሰመርኩና በሜትር ለካሁ። በግራው እንዲሁ። የሁለቱ ልዩነት በጣት የሚሸፈን ነው፣ ስሌቱ እንዳለው። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ካየሁ ልቤ ያርፋል።

የእህቴ መኪና ላይ ግን መልሱ ሌላ ሆነ። የሷ በአራቱም ጎማ ሁልጊዜ የምትነዳ ናት። አንዱ ጎማ ተበላሽቶ ሦስቱ 4 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸው ነበር። በእንዲህ ዓይነት መኪና የግራና የቀኙ ብቻ ሳይሆን የፊትና የኋላውም መመሳሰል አለበት፣ ካልሆነ መሃል ላይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ይጎዳል። የመኪናዋ መመሪያ የሚፈቅደውን የጥርስ ልዩነት አብረን አነበብን፤ የኛ ከዚያ በልጦ ተገኘ። አራቱንም ቀየረች። ዋጋው ከብዷታል፣ ግን ማስተላለፊያውን ከማሠራት ጋር ሲተያይ አይገናኝም። ከሦስቱ የተሻለውን ለስኮርታ አስቀመጥነው።

ሁለት ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር፦ አዲሶቹ ኋላ ይግቡ፣ መኪናው በፊት ጎማ የሚነዳ ቢሆንም። ብዙ ጎሚስታ ፊት ላድርገው ይላል። የፊት ጎማ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ መሪው ይቀላል፣ ነጂው ይሰማዋል፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ሲያነሳ ይመለሳል። የኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናው ይሽከረከራል፣ መመለሱ ለሠለጠነ ሰውም ከባድ ነው።

ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ማጥበቅና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፣ የሚያስፈልገው የንፋስ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። ንፋስ መቀነሱን የጎማዎቹን ዙር እያነጻጸረ የሚያስጠነቅቅ መኪና ከሆነ ሲስተሙን ከአዲሱ ጎማ ጋር እንደገና ማስጀመር ነው። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ በደንብ ስለማይዝ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብዬ ነዳሁ።

አሁን ንፋስ በለካሁ ቁጥር የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ጥርስ አብሬ እለካለሁ። ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጥንዱን እቀይራለሁ።