ጅማ በነሐሴ፦ አዌቱ ሲሞላ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤ፣ ግቤ፣ ሰኮሩ እያልን በሰላም ገባን፤ ያናደደኝ ረዳቱ ነው። ለአንድ ማዳበሪያ ጓዝ 300 ብር ተቀበለኝ፤ ከኋላዬ የተቀመጡት እናት ግን ያንኑ የሚያህል ጭነው 150 ነው የከፈሉት። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ከአዌቱ ድልድይ አይርቅም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አመሸ፣ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

የድሬዳዋ ሰው ስለሆንኩ የሌሊት ዝናብ ያስፈራኛል። የእኛ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ጎርፉ ከላይ ከደጋው ወርዶ ከተማው በተኛበት ደረሰና ከ200 በላይ ሰው ገደለ። አዌቱ ጠባዩ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ ጅማን መሀል ለመሀል አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ዳሩ ላይ የሚኖር ሰው ቀለሙንና ድምፁን ለይቶ ያውቃል። ውኃው ቀይ ቡኒ ሆኖ ቅርንጫፍ እየጎተተ ሲመጣ ከላይ ብዙ ዘንቧል ማለት ነው። ዝናቡ ሳያባራ ወንዙ በድንገት ከቀነሰ ደግሞ የባሰ ነው፤ ግንድና ቆሻሻ አንድ ቦታ ዘግቶታል፣ የተጠራቀመው ሲለቀቅ አንዴ ይወርዳል።

ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ለቀብር ሲሆን የሟች ስም ይከተላል፤ ያን ሌሊት ስም አልተጠራም፣ አጭር አጭር እያለ ተደጋገመ። ወዲያው ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በኦሮምኛም በአማርኛም «ከታች ያላችሁ ውጡ» ተባለ። ከድልድዩ በታች ያሉት ግቢዎች ውኃ ገብቷቸው ነበር።

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች ለአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ብርቱው ነፋስ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቅበት 36 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እንዲያም ሆኖ በፈረንጆች 2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ስትመታ ከተማው ውስጥ ከቀሩት ብዙዎቹ መኪና የሌላቸው፣ አዛውንትና ሕሙማን ነበሩ። ማስጠንቀቂያ ብቻውን ሰው አያወጣም። በራሱ እግር መውጣት የማይችለው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እዚህ ሰፈር ይህን የሚያውቀው የእድሩ መዝገብ ነው፤ የአባላቱ ስም ዝርዝር ላይ አልጋ የያዘ፣ አራስ፣ ዓይነ ስውር ያለበት ቤት በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። የእድሩ ዳኛ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው በባትሪ እያበሩ ነበር ወጣቶቹን የሚያሰማሩት። አንዱ ጎረምሳ ፍራሽ ተሸክሞ ሲመጣ፣ «አንተ፣ ፍራሹን ጣለውና እማማን አምጣልኝ!» ብለው መለሱት። ልክ ናቸው። የስፖንጅ ፍራሽ ውኃ ከጠጣ ለሁለት ሰውም ይከብዳል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ውኃው ሶኬት ጋ ሳይደርስ ቆጣሪው ጋ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይወርዳል፤ እግር ውኃ ውስጥ ከሆነ ግን ማንም እንዳይነካው። ከዚያ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች፣ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ሰነድ ይወጣል። የቤት ካርታ፣ የልደት ካርድና የትምህርት ማስረጃ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጎማው እርጥብ ሆኖም አይላላም። ጤፍና በቆሎ ቆጥ ላይ ይወጣል። ላሚቱ ትፈታለች፤ ታስራ የቀረች ከብት መዋኘት እየቻለች ትሞታለች።

የሚፈስ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖም ሰው ይጥላል፣ 30 ሲሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ስለዚህ ባጃጆቹ አስፋልቱ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከታች የሚወጡት በእግር ነው፤ ከፊት ያለው ጠንካራ ሰው በረጅም ዱላ መሬቱን እየነካ፣ ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ጎን ለጎን ይራመዳል፣ ሌሎቹ ከኋላው ተያይዘው በሰልፍ ይከተላሉ። ገመድ ወገብ ላይ አይታሰርም፤ ሰው ቢወድቅ ውኃው ከታች ደፍቆ ይይዘዋል። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ ስለሚያንሳፍፍ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ይዟል። ድልድዩ ላይ ደግሞ ወንዙን ብቻ የሚያይ ሰው ቆሞ ነበር። በሐምሌ 2016 ጎፋ ውስጥ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ነው የቀበራቸው፤ የሚረዳውን የሚጠብቅ ዓይን ያስፈልጋል።

ሲነጋ የእድሩ ድንኳን ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ተተክሎ፣ የቀብር ብረት ድስት ተጥዶ ነበር። አንዲት እናት የማታውቀኝን እኔን «ልጄ፣ በርዶሃል» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ፣ ቡና ሰጡኝ። ድሬዳዋ ውስጥም ደግ ሰው ሞልቷል፤ እንዲህ በመዝገብ የተደራጀ ግን አላየሁም፣ ቀናሁባቸው።

ሰው የሚቸኩለው ለመመለስ ነው፣ አደጋውም እዚያ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ውኃው ሲወርድ ደኅና ይመስላል፤ ከሥር የራሰው ጭቃ ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይናዳል፣ ባሕር ዛፉን ምስጥ ከበላው ደግሞ ጣሪያውንም ይዞ ነው። ማዕዘኖቹን ከውጭ ሳይመረምሩ፣ ያዘነበለውን በእንጨት ሳይደግፉ መግባት የለም። ሽንት ቤት ሞልቶ ከጉድጓድ ውኃ ጋር ስለሚቀላቀል ጉድጓዱ እስኪጸዳ አይጠጣም። ባለ 67 ሚሊ ግራም የክሎሪን እንክብል ለአንድ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ይበቃል፣ 30 ደቂቃ ይቆያል። ድፍርስ ከሆነ በነጠላ አጥልሎ ሁለት እንክብል ነው። እንክብል ከሌለ ማፍላት። የራሰ በቆሎ ቶሎ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል፤ የሻገተውን ለዶሮም አለመስጠት ነው።

ቅር ያለኝ ቦዩ ነው። በፌስታልና በጫት ገረባ ተደፍኖ፣ መንገዱ ላይ የወረደው ዝናብ መሄጃ አጥቶ ከወንዙ በፊት ቤቶቹ ውስጥ ገብቷል። ወጣቶቹ በአካፋ ሲያወጡት የአንዱ መንገድ ቦይ ብቻ ጋሪ ሞላ። ዝናቡ ሳይከብድ፣ በሚያዝያ መጠረግ አለበት፤ ያወጡትን ደግሞ ዳር ላይ ከምሮ መተው ዋጋ የለውም፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፣ ያንኑ ቀን በጋሪ መነሳት አለበት። መዝገቡ ያለው እድር ይህንንም በየቤቱ ተራ ሊያወጣለት ይችላል።