ግማሽ ነጥብ

ጥር ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከእኔ ጋር መኖር አይቻልም። ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ምንም የሆንኩት ነገር የለም። ደስ አይለኝም፣ በቃ።

እህቴ ሥራ ስላለባት ትንሿን ልጇን ከጂምናስቲክ ልምምድ የማመጣት እኔ ነበርኩ። ቀድሜ ደረስኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሲገለባበጡ አያለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ግን ሲወድቁ ነው ያመሹት። ወደ ኋላ መውደቅ፣ ወደ ጎን መውደቅ፣ ከሣጥን ላይ ዘሎ ማረፍ። ደግሞ እንደገና። አሰልጣኙ "አገጭ ወደ ደረት! እጅ ወደ ኋላ አይሂድ!" ይላል። ሌላ ነገር ሲናገር የሰማሁት ማቶቹ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፉት ወፍራም ምንጣፎች፣ ተጋጥመው እንዲገፉ ሲያዝ ብቻ ነው። በሁለት ማት መሐል የቀረች ክፍተት ቁርጭምጭሚት ትጠመዝዛለች።

የእጁ ነገር አልወጣልህ አለኝ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ነው፤ ማንም አላስተማረውም። ወደ ኋላ ሲወድቅ ክርኑን ገትሮ መሬት ሊደገፍ ይሞክራል። ክብደቱ በሙሉ እጁ ላይ ያርፍና ወይ አንጓው ወይ ክርኑ ይሄዳል። እነዚህ ልጆች እንግዲህ የሚማሩት አብሯቸው የተወለደውን ማስረሻ ነው። እጅን ደረት ላይ ማጣጠፍ፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ መንከባለል። በእግር ሲያርፉም ጉልበት መታጠፍ አለበት። ቀጥ ብሎ የተቆለፈ ጉልበት ያን ሁሉ ኃይል በአንዴ ይቀበላል፤ ጅማት የሚበጠሰውም ያኔ ነው። ከከፍታው ይልቅ ሰውን የሚሰብረው ድንገት መቆሙ ነው።

ይሄን እኛ ልጆች ሆነን መንዝ ያለ አሰልጣኝ እናውቀው ነበር። ገብሱ ተወቅቶ ገለባው አውድማው ዳር ሲከመር፣ ካቡ ላይ እየወጣን እንዘልበት ነበር። ጂምናስቲክ ቤቶች በቁርጥራጭ ስፖንጅ የሚሞሉት ጉድጓድ የእኛ ገለባ ማለት ነው። እየሰመጥክ ቀስ ብለህ ትቆማለህ። አያቴ ግን መንሹ የት እንዳለ በዓይኗ ሳታይ አትለቀንም። "መንሹን አምጡና አሳዩኝ!" ገለባ ውስጥ የተረሳ መንሽ አይታይማ። ያኔ ነዝናዛ ትመስለኝ ነበር።

በበዓል ሰሞን ሜዳ ላይ ትራምፖሊን፣ ያ የሚያነጥረው የመዝለያ ሸራ፣ ሲተከል ግን መንሽ አምጡ የሚል የለም። ትልቁም ትንሹም በአንድ ላይ ይጫንበታል። ትራምፖሊን ላይ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ደግሞ ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል ነው፣ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው። ትልቁ ሲያርፍ ትንሹን ወደ ሰማይ ይወነጭፈዋላ። በሥርዓት የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ በአንድ ነው የሚያስወጡት። ገና ከመነሻው የሚያስተምሩትም መቆም ነው፤ ጉልበትን አጥፎ ንጥረቱን መግደል።

መቆም ስል ኤሌና ሙኪና ትዝ አለችኝ። የሶቪየት ጂምናስት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ሻምፒዮን የሆነች። ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ያመጣበት የሞስኮ ኦሊምፒክ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሚንስክ ላይ ልምምድ ላይ ነበረች። እግሯ ተሰብሮ ሳይጠገን በጥድፊያ የተመለሰች ልጅ ናት። አየር ላይ ተጠማዝዞ በመንከባለል የሚያልቅ ግልበጣ ስትሠራ በአገጯ አረፈች፣ አንገቷም ተሰበረ። ሃያ ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 እስክትሞት ድረስ መላ አካሏ አልታዘዘላትም። አንገቴን እሰብራለሁ ብላ ለአሰልጣኟ ቀድማ ነግራው ነበር። ግልበጣው ዛሬ በውድድር ክልክል ነው። መጀመሪያ ሰው ይሰበራል፣ ሕጉ ቀስ ብሎ ይመጣል።

አሜሪካዊቷን ጂምናስት ሲሞን ባይልስን ታውቋታላችሁ። ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ አየር ላይ የት እንዳለች ጠፋባትና የቡድን ፍጻሜውን አቋርጣ ወጣች። ስንቱ ሰው ፈሪ አላት! እኔን የሚገርመኝ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንትወርፕ፣ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ያደረገችው ነው። ቮልት በሚባለው የዝላይ መሣሪያ ላይ እግሯን ዘርግታ ሁለቴ ወደ ኋላ የምትገለበጥበት አደገኛ ዝላይ አላት። አንድ ነገር ከተሳሳተ በጭንቅላት ነው። አሰልጣኟ ማቱ ዳር ቆመላት፣ ቢበላሽ ሊይዛት። ለዚያ ግማሽ ነጥብ ይቆረጣል። እሷም አውቃ ከፈለች።

ሒሳቡን ተመልከቱት። ዳኞች ለመውደቅ አንድ ሙሉ ነጥብ ይቀንሳሉ። ሰው አጠገብህ ካቆምክ ግማሽ። ማለትም ሳትወድቅ የግማሽ መውደቅ ዋጋ ትከፍላለህ። ብቻዋን የሠራችው እና ተጠባባቂ ይዛ የሠራችው እኩል አይሁኑ ከተባለ ይገባኛል። ግን ሙኪና አጠገብ ያን ቀን አንድ ሰው ቆሞ ቢሆንስ?

እኔንም አዲስ አበባ ለሥራ ና ብለውኛል። ግባ አትግባ እያልኩ ነው። እህቴ ትናንት ማታ ደውላ "ካልሆነልህ እኔ ጋ ታርፋለህ፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማቱ ላይ ሰው ሲቆምልኝ ለምንድነው የሚከብደኝ? የሚቀጣኝ ዳኛ ማን ነው?

ቤት ስንደርስ ትንሿ "አጎቴ ና ላሳይህ" ብላ ፍራሹን ወለሉ ላይ አወረደችው። "መጀመሪያ ቁጢጥ በል። ከዚያ ውደቅ።" ቁጢጥ ማለቱ ራሱ ጊዜ ፈጀ። አገጬን ቀበርኩ፣ እጄን አጣጠፍኩ፣ ወደቅኩ። መንከባለል የሚባለው ግን አልመጣም፤ ጋቢዬ እንደተጠመጠመብኝ በጀርባዬ ተዘርሬ ቀረሁ። እህቴ ከበር ላይ ቆማ እያየችን ኖሯል። "አንተ እንኳን ወድቀህ፣ ቆመህም አያምርብህ!" አለችኝ።

መልስ የሚፈልጉት ዓርብ ነው።