መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ መኖ

ደሴ ላይ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከብርዱ ጋር ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል። ከዚያ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሀረጎን ዳገት ከወጣህ በኋላ ግን አየሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ጫጩቶቼን ከታች የማመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ካርቶኑንም ከሚኒባሱ መስኮት አርቄ እይዛለሁ።

ጎረቤቴ በቀደም መጥቶ የጫጩቶቼን እድገት አየና፣ «አቦ፣ ምን እያበላሃቸው ነው?» አለኝ። መኖ የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። «አብሽር፣ ያው ያንተው ነው» ብዬ የሚያሞቃቸውን አምፖል አሳየሁት።

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰውነቷን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አትችልም። ሲበርዳት የበላችው መኖ ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ያልቃል። ጥማት፣ መጨናነቅና ድንጋጤም ይጎዷታል። ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይበዛባትና የጡንቻዋን ፕሮቲን እያፈረሰ ወደ ስኳር ይቀይረዋል። ጭንቀቱ ከቆየ አንጀቷም ምግብ የመምጠጥ አቅሙ ይደክማል። ያ ውድ መኖ እንግዲህ ጉዝጓዝ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ጫጩቶቹ ከመግባታቸው አንድ ቀን ቀድሜ አምፖሉን አበራለሁ፤ ጉዝጓዙ ራሱ መሞቅ አለበት። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር አለኝ፤ ይበልጥ የማምነው ግን ጫጩቶቹን ነው። አምፖሉ ስር ከተደራረቡ በርዷቸዋል። ርቀው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ (የኛ ሰፈር መብራት መቼም አመለኛ ነው) ዙሪያው በገለባ የተጠቀጠቀ፣ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ አስገባቸዋለሁ። የራሳቸው ሙቀት ያቆያቸዋል። ከሰል ግን በፍጹም!

ውሃና መኖ ወዲያው እሰጣለሁ። «ሆዳቸው ውስጥ አስኳል ስላለ 2 እና 3 ቀን ይቆያሉ» የሚል አለ። አዎ፣ በሕይወት ይቆያሉ። ግን ቶሎ የበላች ጫጩት አስኳሉንም ቶሎ ትጠቀምበታለች፣ አንጀቷም ቶሎ ያድጋል። ማታ አንዳንዷን አንስቼ ከአንገቷ ስር ያለችውን የመኖ ከረጢት በጣቴ እዳብሳለሁ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልታ ጠጥታለች። ከጠጠረች ውሃ አንሷታል። ባዶ ከሆነች እግሯን ጉንጬ ላይ አደርጋለሁ፤ ከቀዘቀዘ አምፖሉን ዝቅ አደርገዋለሁ።

ክትባትና የቤት ለውጥ በአንድ ቀን አላደርግም። መኖ ስቀይርም አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀልኩ ለጥቂት ቀናት አስለምዳቸዋለሁ።