ከሴሉ በላይ የተቀመጠው ነጥብ

የእንስሳት ሕክምና ስማር የላቦራቶሪ ሥራ የሚጀምረው ማይክሮስኮፕ ላይ ይመስለኝ ነበር። የተውሳኮቹን ሥዕል ከመጽሐፍ በደንብ ስላጠናሁ ስላይድ (ናሙና የሚቀባበት መስታወት) ካገኘሁ ለይቼ እናገራለሁ የሚል እምነት ነበረኝ።

አንድ ቀን ከአንዲት የከሳች ላም የተወሰደ ደም አቅልሜ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በ100 እጥፍ ሌንስ አየሁት። በቀይ የደም ሴሎቹ ዳር ዳር ክብ፣ ጠቆር ያሉ ነጥቦች ሞልተዋል። ‹‹አናፕላዝማ›› ብዬ ጻፍኩ፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚኖር በሽታ አምጪ ተሕዋስ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠጋ ብለው የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አዞሩና ‹‹እስቲ አሁን እየው›› አሉኝ። ሴሉ ጥርት ሲል ነጥቡ ይደበዝዛል፤ ነጥቡ ጥርት ሲል ደግሞ ሴሉ ይጠፋል። ሴሉ ውስጥ ያለ ተውሳክ ቢሆን ኖሮ አብረው በታዩ ነበር። ያየሁት ከላይ የተቀመጠ የቀለም ዝቃጭ ነው። ሴል በሌለበት ባዶ ቦታ ላይም ተበትኖ ነበር፤ እኔ ግን ወደዚያ አላየሁም። ደነገጥኩ፤ በእኔ ወረቀት ላሟ የማያስፈልጋትን መድኃኒት ልትወጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሠራሁት ስላይድ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ደሙ ትንሽ ጠብታ ይበቃዋል። ደሙን የሚገፋው ሁለተኛው ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ መሃል ላይ ሳይቆም አንዴ ይገፋል። ጫፉ እንደ ምላስ ሳስቶ ካላለቀ ሴሎቹ ይደራረባሉ። በደንብ ሳይደርቅ ሜታኖል በተባለው አልኮል ውስጥ መንከር አይቻልም። የጊምሳ ቀለም ተጣርቶ በዕለቱ መበጥበጥ አለበት። ሲታጠብም ቀለሙን መጀመሪያ ደፍቶ ሳይሆን ውኃውን ከላይ እያፈሰሱ ነው፤ አለዚያ ላዩ ላይ የሰፈፈው ቅርፊት ስላይዱ ላይ ይቀራል። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር።

የላሟ ጉዳይ ግን አልተዘጋም። ሄማቶክሪቷ፣ ማለትም ቀይ ሴሎቹ በደሟ ውስጥ ያላቸው ድርሻ፣ 18 በመቶ ነበር፤ ለከብት ጤናማ የሚባለው ከ24 እስከ 46 ነው። ደም ማነሷ እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። የትል እንቁላል ፍለጋ ፋንድያዋን በጨው ውኃ አንሳፍፌ አየሁና ምንም አላገኘሁም። ‹‹ተውሳክ የለም›› ልጽፍ ስል ኃላፊው ‹‹የሚንሳፈፍ የለም ማለትህ ነው?›› አሉኝ።

የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ነው፤ በተለመደው የጨው ውኃ አይንሳፈፍም። ፋንድያውን በውኃ በጥብጬ በወንፊት አጠለልኩት፤ እስኪዘቅጥ ጠብቄ ላዩን ደፋሁ፤ እንደገና ውኃ ጨመርኩ፣ ደግሜ ደፋሁ። የላዩ ውኃ ሲጠራ ለቀረው ዝቃጭ ሜቲሊን ብሉ ከተባለው ሰማያዊ ቀለም አንድ ጠብታ ጨመርኩለት። የምግቡ ርጋፊ ሰማያዊ ሆነ። በመሃሉ ትልልቅ፣ ሞላላ፣ ወርቃማ ቢጫ እንቁላሎች ቀለሙ ሳይነካቸው ቁጭ ብለዋል። እንዲያ ጎልተው ሳያቸው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ለሥራው አዲስ ከሆንክ አንድ ነገር ልለምንህ፦ ናሙናው መቼ እንደተወሰደ ሳትጠይቅ አትጀምር። ሙቀት ውስጥ ያደረ ፋንድያ ላይ የክብ ትሎች እንቁላል ይፈለፈላል፣ ቆጠራውም ይዛባል። በደም ውስጥ ያለ ትሪፓኖሶማ የተባለ ተውሳክም ሲንቀሳቀስ የሚታየው ደሙ ትኩስ ሳለ ነው። እኔ ዛሬ ‹‹አልተገኘም›› ብዬ ስጽፍ በየትኛው ዘዴ እንደፈለግሁና ናሙናው ስንት ሰዓት እንደቆየ አጠገቡ አሰፍራለሁ።